ከምንጣፉ ሥር

አዋላጅ ነኝ እኔ፤ ጆሮዬን አምኜ፣
ሃያ ዓመት ያደርኩኝ ሆድ ላይ ማድመጫ ደግኜ።
የሽል ልብ ትርታ ከሩቅ የምለየው፣
የሞተሩን ልብ ግን ማን አስተምሮኝ ነው?

ከሸምሰዲን ግቢ፣ ከኒም ዛፉ ጥላ፣
ቆማ አገኘኋት ነጯን ዲኤክስ፣ ተኩላ።
(ተኩላ መሆኗን ግን ያወቅሁት ዘግይቼ፣
ያሥራ አንድ ዓመት ዕቁብ ቆጥሬ ሰጥቼ።)
‘ያንድ ሽማግሌ ናት፤ ከእጁ ያልወጣች፣
ለጁምዓ ሶላት እንጂ ከበር ያልራቀች!’
አለኝ። ቁልፉን ሰጠኝ። ከዚራን አንዴ ዞርኩኝ፣
ሜዳ ላይ ማን ያማል? ደስ ብሎኝ ፈረምኩኝ።

ደንገጎ ነው የሚያውቅ የመኪናን ጤና።
በመጀመሪያው ጥምዝ፣ ዳገቱ ሳይጀምር ገና፣
ላብ አጠመቃት። ሦስተኛው ላይ ጮኸች።
አምስተኛው ጋ ስትደርስ እንፋሎት ተፍታ አማጠች።
ፍየሎች ከበቡን። አንድ አይሱዙ ቆሞ፣
ጄሪካን አወጣ ሹፌሩ፤ ሳቀም ደግሞ።
የስንቷን ምጥ ይዤ ‘ግፊ! ግፊ!’ ስል ኖሬ፣
ያን ቀን እኔ ገፋሁ፣ ነጠላዬን አስሬ።

ጋሽ መንክር፣ ከባቡር ጋራዥ ጡረታ የወጣው፣
ኮፈኑን አልነካም፤ ምንጣፉን ገለጠው።
ዝም አለ። በጥፍሩ ጫር አድርጎ አሳየኝ፦
አሸዋ። ደቃቅ፣ ግራጫ። ‘ቅመሽው’ አለኝ።
የደቻቱ አሸዋ! ክረምት ጎርፉ ሲያድር፣
እስከ መሪው ጠልቃ፣ ተቀብራ ባፈር።
ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይሉ የለ?
እኔ ቀለም አየሁ፣ ወንዙ ከሥር እያለ።

ጠዋት ሄድኩ። ሸምሰዲን ጠዋት ጠዋት ድንጋይ፦
‘አይተሽ ገዛሽ እኮ! ዓይን የለሽም ወይ?’
በማግስቱ፦ ‘ውሉ “እንዳለች” ይላል፤ ካሻሽ ፍርድ ቤት ሂጂ፣
ቀጠሮ ሲሰጡሽ ታረጂያለሽ እንጂ።’

በሦስተኛው ቀን ግን፣ ሥራ አዘግይቶኝ፣
ከቀኑ አሥር ሰዓት ግቢው ደረስኩኝ።
በርጫው ደርቶ ነበር። ገራባው ተበትኖ፣
ሸምሰዲን ትራስ ላይ፣ ዓይኑ መብራት ሆኖ፣
‘ግቢ እንጂ፣ እህቴ! ምን ጎደለሽ?’ አለኝ።
ምርቃና ነውና ዓለምን ሸለመኝ፦
ብሬን ሙሉ በሙሉ፣ ከላይ ላንድክሩዘር፣
ሐረር ላይ አንድ ቪላ፣ ጅቡቲ ላይ ባሕር።

ሲነጋስ? ድንጋይ። ‘የቷ መኪና?’
ገባኝ፤ ሰውየው ሁለት ነው፤ ደጉ የሚመጣው በምርቃና።

እኔም ባሥር ሰዓት ወረቀት ይዤ ገባሁ፣
ካርቦን መሃል አርጌ። ‘ይኸው ቃልህ’ አልሁ፤
‘የደግ ሰው ቃል ደግሞ ሲጻፍ ነው የሚያምር።’
ሳቀና ፈረመ፣ ሁለቴ፣ ሳያስቸግር።
ነኢማ፣ ሚስቱ፣ ከበሩ ጋ ቆማ፣
ሦስት ልጅ የተቀበልኩላት፣ አንዷን በጨለማ፣
‘ምስክር እኔ ነኝ’ አለች፣ ከሰው ሁሉ ቀድማ።

ጠዋት አነበበው። ገልብጦም አየው።
ፊርማው የማን እንደሆን ለፀሐይ አሳየው።
ከዚያ ወደ ሚስቱ። እሷ ልብስ ታሰጣለች፣
መቆንጠጫ በጥርሷ፤ አንድ ቃል አልተነፈሰች።
ከፈለኝ። ዐሥር ሺህ ‘ለቀለም’ ቀንሶ።
ከጅብ አፍ ሙሉ ሥጋ ወጥቶ ያውቃል ጨርሶ?

ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ሌሊት አድሬ ሥራ፣
በባጃጅ ሳልፍ አየኋት፣ ሰማያዊ ቀለሟ ሲያበራ፣
ዳግመኛ ተኩላ፣
ከዚያው ኒም ዛፍ ጥላ።
አንድ ልጅ እግር ወጣት፣ ከጎኑ እጮኛው፣
ደረት ኪሱ አብጧል፣ ዕቁብ የደረሰው፣
ይዞራታል።
ያ ቀለም፣ ሲታሰብ፣ የኔ ዐሥር ሺህ ነች፤
የኔ ገንዘብ ሌላ ሰው ልታታልል ቆመች።

‘አቁም’ አልኩ ባጃጁን።
‘እህቴ!’ አለ ሸምሰዲን፤ ዞሬም ሳልመለስ፣
‘ተንበርከክ’ አልኩት ልጁን፤ ‘ምንጣፏን ግለጥ። ቅመስ።’